ከስቱኮው ሥር ያለው ቁጥር

ወጣቱ የመኪና መርማሪ ኮፈኑ ሥር አጎንብሶ ብዙ ቆየ። በእጁ እርሳስና ስኮች ይዟል፤ የሻንሲውን ቁጥር ከብረቱ ላይ ቀድቶ ከሊብሬው ጋር ሊያመሳክር ነበር። ኋላ ቀና አለና ባለቤቴን ገዛኸኝን፣ «አባት፣ ቁጥሩ የታለ?» አለው።

ገዛኸኝ ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምሯል። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና ከልጁ ጎን አጎነበሰ። ሞተሩን ከመቀመጫው የሚለየው የብረት ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ልሙጥ ነው፤ ሰማያዊ፣ እንደ ሲኒ የሚያብረቀርቅ። ቁጥር የሚባል ነገር የለበትም።

መርማሪው ሰላሀዲን ይባላል። በትሕትና ነበር የነገረን። ቁጥሩ የማይታይ መኪና ቁጥሩ እንደ ጠፋ መኪና ይቆጠራል፤ ቦሎ አይሰጠውም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቁጥሩን አውጥተን ካልተመለስን ፋይሉ ወደ ፖሊስ ይሄዳል፣ መኪናውም እዚያው ይቆማል። ከዚያ ፎርሙ ላይ ሊጽፍ፣ ግድግዳውን በስቱኮ፣ ከቀለም በፊት በሚቀባው የብረት ልስን፣ የለሰነው ማን እንደሆነ ጠየቀ።

«እኔ ነኝ» አለ ገዛኸኝ።

አብረን በኖርንባቸው ሠላሳ አንድ ዓመታት ሲዋሽ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር።

መኪናው ፊያት ነው፤ የሰፈሩ ሰው ሚሌቼንቶ ይለዋል። ገዛኸኝ ከስድስት ኪሎ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ሲሸጡት ገዝቶ፣ ከጊዮርጊስ ጀርባ ባለው ግቢያችን ቆርቆሮ ዘርግቶ አቆመው። እሱ መጠጥ አይቀምስም፣ ኳስ አያይም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አንድ ማኪያቶ፣ ቅዳሜ ደግሞ መኪናው። ካንዴላ ፍለጋ መርካቶን ቀኑን ሙሉ ያስሳል፤ ያጣውን የሞተር ጓርኒሲዮን በካርቶን ለክቶ ራሱ ይቆርጣል። የተጨራመተ የመኪና አካል የሚያቃናው የሰፈራችን ባቲላሜራ ሉልሰገድ የድሮ ተማሪው ነው። «ቲቸር፣ ለዚህች መኪና የሰጡትን ጊዜ ለእኔ ሰጥተውኝ ቢሆን አሥራ ሁለተኛን አልፍ ነበር» ይለዋል። ገዛኸኝም፣ «እሷ እኮ ስነግራት ትሰማለች» ይለዋል።

የዛሬ ሦስት ዓመት መኪናውን ብትንትኑን አውጥቶ እንደ አዲስ ሊያድሰው ተነሣ። ልጃችን ሶሲ ያን ጊዜ ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ውስጥ ኬክ ታስጌጥ ነበር። አባቴን ላግዝ ስትል ሉልሰገድ ስቱኮ አለሳሰን ሊያሳያት መጣ። ትንሽ አየችውና የእሱን ማለስለሻ አስቀምጣ ክሬም የምትቀባበትን የራሷን አመጣች። ከዚያ በኋላ ሉልሰገድ ቆሞ ማየት ብቻ ሆነ ሥራው። ግድግዳውን፣ በሮቹን፣ ጣራውን፣ ሁሉንም እሷ ለሰነችው። ቀለሙ ተቀብቶ ሳያልቅ ታመመች። አርባ ቀንም አልተኛች።

ካረፈች አሥራ አራት ወር ሆኗል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ቤታችን ውስጥ ስሟ አልተጠራም። እንዲህ እናድርግ ብለን የተስማማንበት አይደለም። አንዱ ሳይጠራው ሲቀር ሌላውም ሳይጠራው ቀረ። መኪናውም ሸራ እንደለበሰ ቆመ። ዘንድሮ ገዛኸኝ ሸራውን ገፍፎ የቀረውን ቀለም ሲጨርስ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከምርመራው በተመለስን ማግስት ሉልሰገድ መጥቶ አየው። ማሽን አምጥቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ግድግዳውን እስከ ብረቱ እንደሚገፍልን ነገረን። ገዛኸኝ አይሆንም አለ። ማሽኑ ቁጥሩንም ይበላዋል ነው ያለው። ሉልሰገድ እኔን አየኝ። ምክንያቱ ያ ብቻ እንዳልሆነ እሱም ገብቶታል፤ ተሰናብቶን ሄደ።

ገዛኸኝ ሌላም ፍርሃት ነበረበት። ስቱኮው ከመቀባቱ በፊት ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ማሽን ያስለቀቀው ገዛኸኝ ራሱ ነው። ምናልባት ቁጥሩን ያን ጊዜ በልቶት ይሆናል። እንዲያ ከሆነ የእሷን ሥራ የሚፍቀው በከንቱ ነው ማለት ነው።

በጠመኔ ግድግዳውን ስንዝር ስንዝር በሚያካክሉ አራት ማዕዘኖች ከፋፈለው። አሥራ ሁለት ሆኑ። አንዱን በሁለት ቀን፣ በብርጭቆ ወረቀትና በውሃ፣ ቁስል እንደሚያጥብ ሰው ቀስ እያለ ይፍቃል። የመጀመሪያው ባዶ ብረት ሆነ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው ላይ አንድ ጭረት አይቶ ጠራኝ፤ ሮጬ ወጣሁ። የብሩሹ ጭረት ነበር።

እኔ ወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ምስር እለቅማለሁ። ከጀርባው ነው የማየው። ትከሻው በየቀኑ ዝቅ እያለ ሄደ። እራቱን ነካክቶ መተው ጀመረ። ስልኩ ሲጮህ ሰላሀዲን እየመሰለው ይደነግጣል። በአሥረኛው ቀን አምስት ማዕዘን ተፍቆ ነበር፤ ቁጥር ግን አልተገኘም።

እኔ ቁጥሩ የት እንዳለ ሳላውቅ አልቀረሁም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ሶሲ ያን ግድግዳ ስትለስን ሎሚ ውሃ ይዤላት ወጥቼ ነበር፣ ያኔ ያለችኝ ነገር አለ። ይህን ለመናገር ግን ስሟን መጥራት ነበረብኝ። ዛሬ ያገኘዋል፣ ዛሬ ያገኘዋል እያልኩ ምስሬን ስለቅም አሥር ቀን አለፈ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ገዛኸኝ ወደ ስድስተኛው ማዕዘን ተሻገረ። በግራ በኩል፣ ግድግዳው በጣም በሚያምርበት ቦታ። ወረቀቱን ውሃ ውስጥ ነከረ። ሰፌዱን አስቀምጬ ወጣሁ።

«ሶሲ የነገረችኝ አለ፤ ቁጥሩ ከባትሪው በላይ ነው» አልኩት።

አልዞረም። ውሃው ከወረቀቱ ሲንጠባጠብ ሰማሁት።

«ምን አለች?»

«እዚያ ጋ ብረቱ ፈንጣጣ ወጥቶበታል አለችኝ። ስቱኮዬን ጠጥቶ ሊጨርሰው ነው ብላ ሳቀች። ፈንጣጣ ያለችው ቁጥሩን ሳይሆን አይቀርም።»

ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልሽ ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን በቀኝ በኩል ዞሮ፣ «ባትሪውን ያዢልኝ» አለኝ። አብረን አነሣነው።

እዚያ ስቱኮው ወፍራም ነበር። ሰማያዊው ሄደ፣ ነጩ መጣ፣ ነጩ እየሳሳ ግራጫ ሆነ። ከዚያ አንድ ጎባጣ መስመር ታየ፣ ከጎኑም ሌላ። ገዛኸኝ እጁን አነሣና ወረቀቱን ለእኔ ሰጠኝ። ቀሪውን እኔ ፋቅሁት። ስድስት አኃዞች ናቸው፤ አምስቱ ከሊብሬው ጋር ገጠሙ። መጨረሻ ያለው ግን ግማሹ ተበልቷል። ስምንት መሆን አለበት፣ ሦስትም ይመስላል። ብሩሹ ነካክቶታል።

«እኔ ነኝ የበላሁት» አለ።

መኪናውን ይዘን ምርመራ ጣቢያው ስንደርስ ከተሰጠን ጊዜ ሁለት ቀን ቀርቶን ነበር። ሰላሀዲን ቁጥሩ ላይ ወረቀት ለጥፎ በእርሳስ አሸው። ወረቀቱን አንሥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረበው፣ አራቀው፣ ጓደኛውን ጠርቶ አሳየው። ገዛኸኝ የመኪናውን ስፖኪዮ ይዞ ቆሟል። 

«ስምንት ናት» አለ ሰላሀዲን።

ፎርሙን አወጣ። የለሰነው ማን ነው በሚለው ቦታ ባለፈው የጻፈውን አይቶ፣ «በእርስዎ ስም ነው ያለው፤ በዚሁ ይለፍ?» ሲል ጠየቀ።

ገዛኸኝ፣ «አይ፣ ሰርዘው» አለ። «ሶስና ገዛኸኝ በል።»

«ልጅዎት ናት? በጣም ጎበዝ ናት። የፋብሪካ ነው የሚመስለው። ለፎርሙ ስልኳን ይንገሩኝ።»

ገዛኸኝ ወደ እኔ ዞረ። የራሴን ቁጥር ነገርኩት፤ አንድ በአንድ ጻፈው።