የታችኛው ቅጠል

ዕቃ ጫኙ የመጨረሻውን ቁም ሳጥን መኪናው ላይ ጭኖ ሲመለስ፣ ሴትዮዋ አሁንም ጓሮ ናቸው። እጅጌው ሁለት ጊዜ የተጠቀለለ የወንድ ካፖርት ደርበው፣ ጎንበስ ብለው ጎመን ይቀነጥሳሉ። ከእያንዳንዱ እግር የታች የታቹን ቅጠል ብቻ ነው የሚወስዱት፤ ተመልሶ እንዲያቆጠቁጥ መሃሉን አይነኩም። ልጃቸው ውጭ ሆና ክላክሱን ብታስጮኸውም ቀና አላሉም።

«እማማ፣ ነቃቅለው ይውሰዱት እንጂ! ቤቱ ከነገ ጀምሮ እኮ የሌላ ሰው ነው» አላቸው ጫኙ፣ ተቆርቁሮ።

«ታዲያ ሰውዬው አይበላም?»

ዘንቢሉ ሲሞላ ወገባቸውን ይዘው ተነሱ። በሩ ጋ ደርሰው ግን ተመለሱና ባልዲውን ቧንቧው ስር ደቀኑ።

«ይኼን ዘንቢል ለልጄ ስጣትና ንገራት» አሉ ካፖርቱን እየቆለፉ። «ጎመኑን ውሃ ሳላጠጣው ከዚህ ንቅንቅ አልልም።»