መጨረሻውን ያላየነው ፊልም

ሰሞኑን ለለቅሶ አሶሳ ሄጄ በባጃጅ ሳልፍ፣ የድሮው ቪዲዮ ቤት የሞባይል መሸጫ ሆኖ አየሁት። ሹፌሩ፣ "እናቴ፣ እዚህ ይወርዳሉ?" ሲለኝ ገና ወደ ኋላ ዞሬ እያየሁት ነበር።

ወጣት ሳለሁ በአንድ የዘር መጋዘን ቢሮ ታይፒስት ነበርኩ። ክፍሉን ከሁለት ሰዎች ጋር እጋራለሁ፤ በሰፈራ ከወሎ ከመጡት ከጋሽ ወርቁና ከአሶሳው ተወላጅ ከሀሩን ጋር። ሁለቱም ሲጠብቁት የነበረው የሥራ እድገት ለሀሩን ከተሰጠ ወዲህ አይነጋገሩም። ጠረጴዛቸው ተነካክቶ እያለ መልእክት የሚላላኩት በእኔ ነው።

"ሰውዬውን መስኮቱን ይዝጋ በይው" ይላሉ ጋሽ ወርቁ።

አማርኛው ሴትና ወንድ የማይለየው ሀሩን ደግሞ፣ "ሙቀት ነው በለው" ይለኛል።

መጀመሪያ ያስቀኝ ነበር። በኋላ ግን ቤቴ ገብቼም ድምፃቸው አይለቀኝም ነበር።

ማንጎ የሚበስልበት፣ ዝናቡም የሚበረታበት ወቅት ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስንወጣ ዶፍ ወረደና በየፊናችን ሮጠን እዚያ ቪዲዮ ቤት ተጠለልን። እነሱ አንዱ ከወዲህ፣ አንዱ ከወዲያ ግድግዳ ተቀመጡ፤ እኔ መሃል ሆኜ ለውዝ እፈለፍላለሁ። የሚታየው ስሙን ሰምተን የማናውቀው የአማርኛ ፊልም ነው፤ በአንድ ቢሮ የተኳረፉ ሁለት ሠራተኞች፣ አንድ ሽማግሌና አንድ ወጣት፣ በመሃላቸው መልእክት የምታመላልስ ልጅ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ለውዙን መፈልፈል ተውኩ። የሚያወሩት የእኛኑ ቢሮ ወሬ ነበር።

ከዚያ ሳቁ ቀዘቀዘ። ፊልሙ ላይ አንድ ጠዋት የሽማግሌው ወንበር ባዶ ነው፤ ኮቱ ብቻ ተንጠልጥሏል። ወጣቱ እንደ ልማዱ፣ "ለሰውዬው ንገሪው" ሲል ልጅቷ ወደ ባዶው ወንበር ትዞራለች።

መብራት ጠፋ።

ቆርቆሮውን ከሚደበድበው ዝናብ በቀር የሚሰማ የለም። በዚያ ጨለማ ጋሽ ወርቁ፣ "ሀሩን... አለህ?" አሉ።

"አለሁ፣ ጋሼ።"

"ና እስቲ ወደዚህ።"

መብራቱ ሳይመጣ በአንድ ላስቲክ ተከልለው ወጡ፤ እኔም ተከተልኳቸው።

በሳምንቱ ጋሽ ወርቁን ወባ ጣላቸው። ሀሩን ከአልጋቸው አጠገብ አልጠፋም፤ ማንጎ እየላጠ ያጎርሳቸው ነበር። አልተረፉም። ከቀብር መልስ ቢሮውን ስንከፍት ኮታቸው ወንበራቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ሀሩን፣ "ያ ረቢ!" ብሎ በሩ ላይ ቀረ።

ያንን ፊልም ከዚያ ወዲህ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ባለቪዲዮ ቤቱም ካሴቱን ፈልጎ አጣው።

ለቅሶው ቤት ሀሩንን አገኘሁት፤ ሸብቷል። "መጨረሻው ምን ይሆን ነበር?" አልኩት።

"መጨረሻውን አላስብም" አለኝ። "ጋሼ ባይጠራኝ፣ እኔ አልጠራውም ነበር። እሱን ነው የማስበው።"

ሰው ሰውን በስሙ ለመጥራት ለምን ጨለማ እንደሚጠብቅ፣ ይኸው እስከ ዛሬ አይገባኝም።