የመስከረም ሁለት ንባብ

ከዳባት ይዘውኝ የመጡት በነሐሴ መጀመሪያ፣ ዝናብ በሚወርድበት ከሰዓት በኋላ ነበር። ደባርቅ ስንደርስ ያስገቡኝ ከአንድ የእህል መጋዘን ነው። ገብሱን አውጥተው ሰው አስገብተውበታል። ወለሉ ላይ ገለባ ተነጥፏል፤ ግድግዳው የነቀዝ መድኃኒት ይሸታል፤ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲበረታ ሰው ከሰው አይሰማማም። በሩ ሲዘጋብኝ በምን እንደታሰርኩ የሚጠይቀኝ ሰው ጠብቄ ነበር። ከጥግ የተቀመጡ፣ ነጭ የጠመጠሙ ሽማግሌ ግን «ልጄ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ወደ ሌሎቹ ዞረው «አላልኳችሁም? አልሳትኩም» አሉና ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ።

መሪጌታ ነበሩ፤ የአንዲት የገጠር ደብር የማኅሌት መሪ። የታሰሩት ማኅሌት ቆመው ከገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ በመቅረታቸው ነው። ስንክሳሩን፣ በየዕለቱ በቤተ ክርስቲያን የሚነበበውን የቅዱሳን ታሪክ፣ ሲያነቡት ኖረው በቃላቸው ይዘውታል። ጠዋት ጠዋት ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው የዕለቱን ያሰሙናል። «በዚችም ዕለት» እያሉ አንዱን ታሪክ ከሌላው ያስከትላሉ። የታሪክ አስተማሪ መሆኔን ሲሰሙ «እስቲ መምህር፣ አንተም የዓለሙን ጨምርበት» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ እሳቸው ሲጨርሱ እኔ የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ እያዞርኩ፣ በዚያው ዕለት የፈረሰ መንግሥት ወይም የተዋጋ ጦር ካስታወስኩ እቀጥላለሁ።

አንድ ጠዋት ከጃናሞራ የመጣ ገበሬ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንዲያ ከሆነማ፣ በዚች ቀን ነው የኔ በሬ ገደል የገባ» አለ። ሳቅንበት። መሪጌታ አልሳቁም።

«ምን ያስቃል? ለሱ ታሪክ ነው። ይጨመር» አሉ።

ከዚያ ጀምሮ ሁሉም የራሱን ያመጣ ጀመር፤ ያገባበትን ቀን፣ ቤቱ የተቃጠለበትን ቀን፣ የበኩር ልጁ የተወለደበትን። ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሬያለሁ፤ እንደዚያ ያለ ክፍል ግን አልገጠመኝም። እስር ቤት ይናፍቃል ቢሉኝ አላምንም ነበር። እነዚያ ጠዋቶች ግን ይናፍቁኛል።

አዲስ ዓመት ሲቃረብ ለአብዮት በዓል ምሕረት ሊደረግ ነው ተባለ። መሪጌታና ጃናሞሬው ስማቸው ተጠራ። መሪጌታ ግን በበዓሉ ዕለት ሕዝብ ፊት ቆመው ስለ ቀኑ እንዲናገሩ ታዘዙ፤ ከተናገሩ በኋላ በቀጥታ ወደ ቤታቸው ነው። ደስታቸውን አልደበቁም። ለመስቀል ደብራቸው ሊደርሱ ነው፤ እሳቸው ከሌሉ ማኅሌቱን የሚመራ አልነበረም፤ አንዲት ልጃቸውም ብቻዋን ቤት ትጠብቃቸዋለች። ጋቢያቸውን አጥበው ብልጭ ባለች ፀሐይ አደረቁት።

እኔ ግን ቀኑን ሳስበው ፈራሁ። የአብዮት በዓል የሚውለው መስከረም ሁለት ነው። በስንክሳሩ ደግሞ መስከረም ሁለት ንጉሥ ሄሮድስ ግብዣ ላይ ተቀምጦ፣ እስረኛውን መጥምቁ ዮሐንስን አንገቱን ያስቆረጠበት ነው። በበዓሉ ዕለት ጠዋት ለመንኳቸው።

«መሪጌታ፣ ዛሬን እንኳ የዓለሙን ብቻ ይበሉ።»

«መርጬ አንብቤ አላውቅም ልጄ» አሉኝ።

የመጋዘኑ ግቢ በከተማው ሰው ሞልቷል፤ እኛንም አውጥተው ዳር ላይ አስቀምጠውናል። በዓሉን የሚመራው ካድሬ ወጣትና ጨዋ ቢጤ ነው። «መሪጌታ፣ እስቲ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ለሕዝቡ ይንገሩልን» አላቸው።

«ዛሬ መስከረም ሁለት ነው። ንጉሡ ከዙፋናቸው የወረዱበት፣ አብዮቱ የሚከበርበት ቀን ነው።»

ተጨበጨበ። ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቁ።

«በዚችም ዕለት ሌላ ንጉሥ ነበረ። የታሰረ ሰው እውነት ተናገረኝ ብሎ አንገቱን አስቆረጠው።»

ከሕዝቡ መካከል የአንድ ሰው ሳል ተሰማ። ካድሬው «ይበቃል፤ ወደ ነበሩበት ይመለሱ» አለ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

መጋዘኑ ውስጥ ጃናሞሬው ሊሄድ ተነስቶ መሄድ አቃተው። ብቻውን መፈታቱ አሳፍሮት አንገቱን ደፍቶ ቆመ። መሪጌታ የታጠበውን ጋቢ አንስተው ትከሻው ላይ ጣል አደረጉለት።

«የሰሜን ብርድ አይቻልም፤ ልበሰው።»

«እርስዎስ አባቴ?»

«እኔማ ከቤት አልወጣ» አሉና ሳቁ። እኛም ሳቅን፤ እኔ ሳቁ መሃል እንባዬ መጣ። በማግስቱ ጠዋት ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው የመስከረም ሦስትን ጀመሩ። ድምፃቸው እንደወትሮው ነበር።

ጥቂት ቆይቶ ወደ ጎንደር ወሰዷቸው፤ ከዚያ ወዲያ ያያቸው የለም። እኔ ተፈታሁ። ደርግም ወደቀ፤ መስከረም ሁለትም ሰልፍ የሌለበት ተራ ቀን ሆነ። በእሳቸው ቤት ግን በየዓመቱ በዚያ ቀን ዝክር አለ፤ እኔም ጉልበቴ እስከፈቀደ ድረስ ከዳባት ተነስቼ እሄዳለሁ። ቀኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ጃናሞሬው ስለ እኔ ነግሯት ኖሮ፣ ልጃቸው አፈላልጋ ቤቴ መጥታ ነበር።

«ጋሼ፣ አባቴ ያረፉበትን ቀን የሚያውቅ ሰው አጣሁ። በየትኛው ቀን ልዘክራቸው?» አለችኝ።

«መስከረም ሁለት» አልኳት።

«ያን ቀን ነው የሞቱት?»

«አይደለም» አልኳት። «ያን ቀን መውጣት ይችሉ ነበር።»