ሳጥኑ ውስጥ የነበሩት ስሞች

ኮምፒውተሩን የገዛሁት ወደ አዲስ አበባ ከተዛወረ አስተማሪ ባልደረባዬ ነው። ያኔ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ቤቱ ኮምፒውተር ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ስለነበር ጉራዬን አልደብቅም፤ የፈተና ወረቀቴን ቤቴ ቁጭ ብዬ መተየቤን ለማን እንዳልነገርኩ። አቧራ እንዳይገባው ጋቢ አልብሼ ነበር የማሳድረው። አባቴ ግን ከገጠር በመጡ ቁጥር በጎሪጥ አይተውት ያልፉ ነበር። ስሙንም አይጠሩትም፤ ለእሳቸው “ሳጥኑ” ነው።

አባቴ ከማንኩሳ ወዲያ ባለች የገጠር ደብር ቄስ ነበሩ። የአገሩ ሰው ከሞላ ጎደል ንስሐውን የሚነግረው ለእሳቸው ስለሆነ የሁሉንም የክርስትና ስም ያውቃሉ። ይህ ስም ሰው ሲጠመቅ የሚወጣለት ነው እንጂ በሰፈር የሚጠራበት አይደለም። ክፉ ሰው እጅ ከገባ መተት ይሠራበታል ተብሎ ስለሚፈራ ከጎረቤት ይደበቃል። ሰውየው ሲሞት ግን የሚፈታው በዚያ ስም ነው፤ በጸሎት የሚታሰበውም በዚያ ነው። አባቴ ዘር ያልተረፈላቸውን፣ ከእሳቸው በቀር አስታዋሽ የሌላቸውን ሙታን ስም በቃላቸው ይዘው በቅዳሴ ጊዜ አንድ በአንድ ያነሷቸው ነበር። ከእነሱ ጋር እናቴንም ያነሷት ነበር። እኔ ጡት ሳልጥል ነው የሞተችው። አባቴም ቄስ ናቸውና ሌላ አላገቡም። የክርስትና ስሟን የሚያውቅ በሕይወት የቀረ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

አንድ ዓመት ዐቢይ ጾም ሲገባ ቤቴ መጡና ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ፣ “ልጄ፣ ሰዎቹ እየጠፉብኝ ነው” አሉኝ።

የትኞቹ ሰዎች ብዬ ደነገጥኩ።

“የማነሳቸው። በሐሳቤ ከታች ያለውን ቤት ጨርሼ ወደ ላይኛው ስወጣ በሩ ላይ እቀራለሁ። ማን ነበር ያለ እላለሁ። የለም።”

“ታዲያ ይጻፏቸዋ፣ አባ።”

“ወረቀት ነውኮ። ነገ ስሞት ማን አንስቶ ምን እንደሚያደርግበት በምን አውቃለሁ?”

እውነታቸውን ነበር። በዚያ ላይ ጊዜው ስም ዝርዝር ሲባል ሰዉ መጀመሪያ ቀበሌን የሚያስብበት ጊዜ ነበር። እንግዲህ የሳጥኑን ነገር ያነሳሁት እኔው ራሴ ነኝ። በይለፍ ቃል ይዘጋል፣ ያለ እኔ የሚከፍተው የለም አልኳቸው። ብዙ ጠየቁኝ። በመጨረሻ መስቀላቸውን አውጥተው፣ “በወረቀት ላታወጣው፣ ለሌላ ሰው ዓይን ላታሳየው ማልልኝ” አሉ። መስቀሉን ይዤ ማልኩ።

ጾሙን ሙሉ በየሳምንቱ እየመጡ ነገሩኝ። አነጋገራቸው እንደ መንገደኛ ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው ከወንዙ ማዶ ካለው ቤት ይጀምራሉ፤ ከዚያ በእጃቸው እያሳዩ ዳገቱን ይወጣሉ። “እዚህ ወባ የጨረሳቸው ሦስት ናቸው። ከዚህ በላይ ያለው ቤት ዛሬ የለም፣ ጤፍ ተዘርቶበታል፤ ባልና ሚስቱን ጻፍ።” ሲሳሳቱ ወደ ኋላ ተመልሰው ከበሩ ይነሳሉ። እኔ እተይባለሁ። ደስ እያለኝ ነበር ብል ውሸት ነው። የፈተና ወረቀት ተቆልሎብኛል፣ ከቁልፎቹ አንዱ እየተጣበቀ ያበሳጨኛል፣ መብራቱ ሄደ መጣ ይላል።

አንድ ቀን ዳገቱ ላይ ቆም አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ይኼ የኛ ቤት ነው” አሉ። ስሟን ነገሩኝ። ተየብኩት። ትዝ የሚለኝ ብዙ ሴቶች የሚጋሩት “ወለተ” የሚለው መጀመሪያው ብቻ ነው። ቀጥሎ ያለው ምን እንደነበር አላውቅም። የእናቴን ስም በገዛ ጣቶቼ ጽፌ፣ ማሽኑ ይዞታል ብዬ እኔ ሳልይዘው ቀረሁ።

ከፋሲካ በኋላ ኮምፒውተሩ ያስቸግረኝ ጀመር። የአማርኛ መጻፊያውን ስከፍት ሜሞሪ አነሰኝ፣ ሌላ ፕሮግራም ዝጋ የሚል መልእክት ይወጣና ይደርቃል። ያው የገጠር መምህር ነኝ፤ አነሰ ሲለኝ ሞላ ማለቱ መሰለኝ። ስለዚህ መደምሰስ ያዝኩ። ዘፈኖቼን ደመሰስኩ። የታላቅ እህቴን የሠርግ ቪዲዮ ደመሰስኩ፤ ይህን እስከ ዛሬ አላወቀችም። መልእክቱ ግን እዚያው ነው። ሜሞሪ ማለት ሥራ የሚዘረጋበት አውድማ፣ ዲስኩ ደግሞ እህሉ የሚገባበት ጎተራ መሆኑን ማን ይንገረኝ? አውድማው ጠበበኝ እያለ ሲጮህ እኔ ጎተራውን እጠርጋለሁ።

የአባቴ ፋይል እንዳይነካ ፈራሁና “ሲ” ከሚባለው የዲስኩ ክፍል “ዲ” ወደሚባለው ሁለተኛ ክፍል አዛወርኩት። ያዛወርኩ መሰለኝ። በማግስቱ ኮምፒውተሩን በጋቢ ጠቅልዬ፣ ጭኔ ላይ አስቀምጬ በሚኒባስ ቡሬ ሄድኩ። ቡሬ ውስጥ ሬዲዮም ቴፕም ኮምፒውተርም የሚጠግን፣ እጁ የተመሰገነ ሰው ነበር።

ከፍቶ አቧራውን እፍ አለ። ከተበላሸ ሌላ ማሽን የጣት ቁመት ያላት የሜሞሪ ካርድ ነቅሎ ከእኔው ማሽን ካርድ አጠገብ ሰካት። መልእክቱ ቀነስ አለ እንጂ አልጠፋም።

“ቫይረስ በልቶታል፤ ፎርማት ካልተደረገ አይለቅህም” አለኝ። “የሚጠፋው ሲ ላይ ያለው ነው። ዲ አይነካም። ቁም ነገር ካለህ ግን ከፍተን እንየው፤ አንዳንዴ ሰው ያስቀመጠ ይመስለዋል።”

የአገሩ ሙታን ሁሉ ቡሬ ውስጥ፣ በሬዲዮ ሬሳ መሃል፣ ሰው እየገባ በሚወጣበት ሱቅ ሊዘረገፉ ነው። መስቀሉ ታየኝ።

“ምንም ቁም ነገር የለበትም” አልኩት። “ግዴለህም፣ አጥፋው።”

አንዴ ዞር በልልኝ፣ እኔው ልየው ብለው ምን ነበረበት? ሰውየው ደግ ነበር፣ ይወጣልኝ ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ያንገበግበኛል።

ቤቴ ስደርስ ማሽኑ እንደ አዲስ ሆኗል። መልእክት የለ፣ መድረቅ የለ። ደስ ብሎኝ ዲን ከፈትኩ። የፋይሉ ምልክት አለ። ስነካው ስክሪኑ ላይ የትንሽ የእጅ ባትሪ ሥዕል ወጥታ ወዲያና ወዲህ እያበራች ፈለገች። ከዚያ የለም አለችኝ። ደጋግሜ ነካሁ፤ ደጋግማ ፈልጋ ደጋግማ የለም አለችኝ። ለካ ያዛወርኩት ፋይሉን ሳይሆን ወደ ፋይሉ የሚያሳየውን ምልክት ኖሯል። ፋይሉ ሲ ላይ ነበር።

ቡሬ ተመለስኩ። ሰውየው ቀኑን ሙሉ በማስመለሻ ፕሮግራም ሲቆፍር ዋለ። አንድም ስም አልወጣም። “ምን ነበር ብትነግረኝ?” አለኝ እያዘነ። ማሽኑን መልሼ በጋቢው ጠቀለልኩት።

በሳምንቱ ወደ አባቴ ወረድኩ። እውነቱን ልናገር ነበር አሳቤ፤ ፊታቸውን ሳይ አልቻልኩም። “ስህተት እንዳይኖርበት እንደገና እንለፍበት፣ አባ” አልኳቸው፤ ደብተር ይዣለሁ፣ መሐላው እንኳ ቢፈርስ ብዬ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከወንዙ ማዶ ካለው ቤት ሁለት ስም ሰጡኝ። ወደ ቀጣዩ ቤት እጃቸውን አነሱና እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

“ምን አደከመህ፣ ልጄ?” አሉኝ ዓይናቸውን ገልጠው። “ከሳጥኑ አሉልህ አይደል? እኔማ ለእሱ ካስረከብኩ ወዲህ አረፍኩ። መያዙን ተውኩት።”

እናቴ የደምበጫ አካባቢ ልጅ ነበረች። ደምበጫ ሄጄ የቀረችኝን አንዲት አክስት ጠየቅኩ። ክርስትና ያነሳቻት ሴትዮ ሞታለች፣ ያጠመቋት ቄስም ሞተዋል። አክስቴ፣ “አባትህ እያሉልህ እኔን ትጠይቀኛለህ?” ብላ ታዘበችኝ።

የእናቴ የሙት ዓመት መታሰቢያ ሲደርስ አባቴ ዱላቸውን ይዘው ቤቴ መጡ። በጣም ከስተዋል። ቀጥታ ኮምፒውተሩ ፊት ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

“የእናትህን ስም ከሳጥኑ አውጣልኝ” አሉ። “ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ስፈልጋት አደርኩ።”

ማሽኑን አበራሁ። ባዶ ገጽ ከፈትኩ። ማንበብ እንደሚችሉ ስለማውቅ ስክሪኑን በትከሻዬ ጋረድኩት። ጠፍቷል የሚለው ቃል አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። አፌን ስከፍት የወጣው ግን በአገሩ ሴቶች ዘንድ ከሁሉ የተለመደው የክርስትና ስም ነው። የእናቴም፣ የማንም ሊሆን ይችላል። እዚህም አልጽፈውም።

አባቴ ቀና ብለው አዩኝ። “እሷ ናት?”

“አዎ፣ አባ።”

“እውነትህን ነው?”

“እዚህ ላይ ተጽፏል።”

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው ስሙን ሦስት ጊዜ ደገሙት። ሲዞሩ እያለቀሱ ነበር። “ተመስገን” አሉ፣ “ጠፋችብኝ ብዬ ነበርኮ።”

ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ኖሩ። መጀመሪያ የደብሩን መንገድ ረሱ፣ ቀጥሎ ዳዊቱን፣ ከዚያ እኔን። ጠዋትና ማታ ለነፍሷ ሲጸልዩ ግን ያን የሰጠኋቸውን ስም አንድ ቀን እንኳ አልሳቱትም።