ለሁለት ሰው ቃል የገባሁት ስልክ

ነገሩ የሆነው ያለፈው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። ዛሬም በስልክ መሸጫ በር ባለፍኩ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ። ያኔ ግን ሳቄ አልመጣም ነበር።

የምሠራው ቶሮንቶ ውስጥ፣ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ነው። ቤቴ ፍሌሚንግደን ፓርክ የሚባል ሰፈር ነው። ስልኬ አራት ዓመት ሞልቶት ባትሪው ከሥራ እስክወጣ እንኳ አይቆይልኝም። ልቀይረው ስነሣ የሥራ ባልደረባዬ ሳምራዊት፣ "አበድሽ እንዴ? ኒው ሞዴል እኮ በሦስት ሳምንት ውስጥ ይወጣል። ዌይት አድርጊ!" አለችኝ። እውነቷን ነበር። ልጠብቅ ወሰንኩ።

አገር ቤት ዘመድ ያለን ሰዎች ግን ስልክ ብቻችንን አንቀይርም። አሮጌው ገና ኪሳችን ውስጥ እያለ ወራሽ አለው። የእኔም ነበረው፤ ችግሩ ወራሾቹ ሁለት መሆናቸው ነው።

ለፋሲካ ስደውል ታላቅ ወንድሜን ታደሰን፣ "ስቀይር ይሄ ያንተ ነው" ብዬዋለሁ። የእህቴ ልጅ ሜሮን ዩኒቨርሲቲ የገባች ጊዜ ደግሞ፣ ከደስታዬ ብዛት፣ ያንኑ ስልክ ለእሷም ሰጥቻታለሁ። አፌ ቸር ነው፤ ጭንቅላቴ ግን ይረሳል።

የቸርቻችን እናት የምንላቸው እትዬ አልማዝ ለእንቁጣጣሽ አዲስ አበባ ሊሄዱ ተነሡ። ወሬው ቀድሟቸው ደረሰ። ማክሰኞ ሜሮን፣ "አክስቴ፣ ኤርፖርት ሄጄ እቀበላቸዋለሁ!" ብላ ጻፈችልኝ። ረቡዕ ጠዋት ታደሰ፣ "እትዬ አልማዝን እኔው በመኪናዬ ከቦሌ አመጣቸዋለሁ" አለኝ። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው አንዲት ስልክ ሲጠብቁ ታየኝና ላብ አጠመቀኝ።

ብጠብቅ ሁለቱንም ላስቀይም ነው። አሁን ብቀይር አንዳቸውን። እንዲያም ሆነ እንዲህ ቃሌ ገደል መግባቱ ነው።

የዚያኑ ቀን ከሥራ ስወጣ ሴንት ጄምስ ታውን ሰፈር፣ እትዬ አልማዝ ቤት ሄጄ ተናዘዝኩ። ሻንጣቸው ወለሉ ላይ ተከፍቷል። የሰው ስልኮች በየካልሲው ተጠቅልለው፣ የየባለቤቱ ስም በፕላስተር ተለጥፎባቸዋል።

"እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያልተናዘዘ የለም" አሉኝ እየሳቁ። "በይ ለወንድምሽ ደውዪና እውነቱን ንገሪው። እኔ አርብ ሻንጣ እዘጋለሁ።"

ስልኬን ቻርጀራቸው ላይ ሰክቼ ደወልኩ። ታደሰ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

"ለእሷ ብተውላት ደስ ይለኝ ነበር" አለ። "ግን ያንቺ ሲመጣ የእኔን ለግቢያችን ዘበኛ ለጋሽ ደምሴ ልሰጥ ቃል ገብቻለሁ። የልጅ ልጃቸው ጅማ ተወልዶ፣ ፎቶውን በእኔ ስልክ እየለመኑ ነው የሚያዩት። ሲም ካርድ ሁሉ ገዝተዋል። ጠዋት ጠዋት 'እህትህ ገዛች?' ይሉኛል።"

አፈርኩ። እኔ የካሜራ ጥራት ሳማርጥ፣ አይቼያቸው የማላውቅ ሽማግሌ የእኔን ግዢ ይጠብቃሉ።

እትዬ አልማዝ ስልኩን ከእጄ ወሰዱ። "ታደሰ፣ ሜሮን አሁን የያዘችው ስልክ ፎቶ ያሳያል?"

"ያሳያል፤ ትንሽ ናት እንጂ።"

"ታዲያ ምን ያስጨንቃችኋል? የእህትህ ላንተ፣ ያንተ ለሜሮን፣ የሜሮን ለሽማግሌው።"

ለሜሮን መንገሩ የእኔ ፋንታ ሆነ። እየተንተባተብኩ ይቅርታ ጠየቅኳት። "የጋሼ ታዴ ሜሞሪው ይበልጣል አይደል?" አለች። "እንዲያውም እሱ ይሻለኛል!" ለሁለት ቀን የተጨነቅኩት ለዚህ ነበር።

ሐሙስ ሱቅ ገባሁ። ሻጯ በቅንነት፣ አዲሱ ሞዴል ሊወጣ ስለሆነ ብጠብቅ እንደሚሻለኝ ነገረችኝ። "ኖ፣ ቱዴይ" አልኳት። አርብ አሮጌውን በካልሲ ጠቅልዬ አስረከብኩ። ባትሪውን ታደሰ እዚያው ሊያስቀይረው ተስማማን።

በሦስተኛው ሳምንት አዲሱ ወጣ። ሳምራዊት ገዝታ መጥታ፣ "አላልኩሽም?" አለችኝ። አልዋሽም፣ ትንሽ ቆጨኝ።

በዚያው ሳምንት ከማላውቀው ቁጥር የድምፅ መልእክት ደረሰኝ።

"እኔ ደምሴ ነኝ፣ ጥበቃው። እግዜር ይስጥልኝ እመቤቴ። የልጅ ልጄን አሁን ማንንም ሳልለምን አየዋለሁ። አፍንጫው የእኔው ነው።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ደግሞ ሌላ አዲስ ስልክ ወጣ ይላሉ ልጆቹ። አደራዎን፣ ቶሎ እንዳይቀይሩብኝ። እኔ ይቺን ገና አሁን መክፈት ለመድኩ፤ ሌላ ከመጣብኝ አልችለውም።"

አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ማለዳ ማለዳ "እንደምን አደሩ" የሚል፣ ቀይ ጽጌረዳ ያለበት ሥዕል ይልኩልኛል። እኔም ሳልመልስላቸው ወደ ሥራ አልወጣም። ቁጭቱም ከዚያን ቀን ወዲህ ተመልሶ አልመጣም። ሳምራዊት ግን እስካሁን አልለቀቀችኝም፤ "አፕግሬድ የምታደርጊው መቼ ነው?" ትለኛለች።

"ጋሽ ደምሴ ሲለምዱ" እላታለሁ።