የፍልሰታው ድፍን ኮክ

ትናንት ከሳሪስ ወደ ኮዬ ፈጬ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት በጥቁር ፌስታል ኮክ ይዛ ነበር። ከታች ያሉት ፈርጠው ፌስታሉ ረጥቧል። በዝናቡ ምክንያት መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ ስለነበር ሽታው መኪናውን ሞላው። ሴትዮዋ ጨዋ ናት፤ አንዱን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ "እንቺ፣ ቅመሽ" አለችኝ። "ይቅርብኝ" አልኳት። ፊቴ ምን እንደመሰለ እንጃ፣ ደንግጣ ፌስታሉን ወደ እግሯ ሳበችው። ምን ታድርግ፣ እሷ በምን ታውቃለች? የኮክ ሽታ ሲመጣብኝ የሚያምረኝ ኮኩ አይደለም፤ የአንዲት ሴት አንገት ማነቅ ነው።

ልንገርሽና አንቺው ፍረጂ።

ልጅ ሳለሁ አቃቂ፣ ከወንዙ ብዙም ሳንርቅ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ተከራይተን ነበር የምንኖረው። የግቢው ባለቤት ባሏ የሞተባት፣ አጥር የሚያህል ትከሻ ያላት ሴት ነበረች። ያኔ አንቱ ነበር የምላት። ዛሬ አንቱታዬን መልሼ ወስጃለሁ፤ ሰምተሽ ባለጌ እንዳትይኝ። በግቢዋ መሀል አንድ የኮክ ዛፍ ነበራት። ክረምት ሲገባ ፍሬው በቆርቆሮው ጣሪያችን ላይ ጧ፣ ጧ እያለ ይወድቃል። የወደቀውን እንድንለቅም ፈቅዳልናለች፤ ከዛፉ ላይ ግን አንዲት ፍሬ ብንነካ ወዮልን።

እናቴ ደግሞ እጀ መልካም ነበረች። ከማግባቷ በፊት ለአንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ቤተሰብ ምግብ ታበስል ነበር፤ ድፍን ኮክን የለመደችው እዚያ ነው። ስሙን ያወጣነው እኛ ነን። ኮኩን በፈላ ውሃ ነክራ ልጣጩን ትገፈዋለች፣ ለሁለት ከፍላ ዘሩን ታወጣለች፣ በዘሩ ቦታ ስኳርና ቀረፋ ትሞላና መልሳ ትገጥመዋለች። ከዚያ ሊጡን በጠርሙስ ዳምጣ ኮኩን ትጠቀልልበታለች። ምድጃ የሚባል ነገር ስላልነበረን ብረት ድስት ውስጥ ደርድራ፣ ከታች ከሰል፣ ክዳኑ ላይ ፍም አድርጋ ነበር የምትጋግረው። ሊጡ ለፍስክ በቅቤ፣ ለጾም በዘይት ይታሻል። አባቴ በዚያ ዓመት ሳንባውን ታሞ ተኝቶ ነበር፤ ምግብ አልወርድ ብሎት እንኳን "እስቲ ክዳኑን እዚህ አምጥታችሁ ክፈቱት" ይል ነበር። እንፋሎቱን በዝግታ ይስብና ፈገግ ይላል።

ለአባቴ ብላ እናቴ ለማርያም ተስላ ነበር። ፍልሰታን ቅዳሴ እስኪወጣ ውሃ ሳትቀምስ፣ አንዲት ቀን ሳታጎድል ልትጾም፤ እመቤቴም ባሏን ከአልጋው ልታነሳላት። ስለቱን እኔም አውቃለሁ፣ ግቢው ሁሉ ያውቃል። ሐኪሞቹ የሚሉትን ብለው ጨርሰው ስለነበር የቀረን ያ ስለት ብቻ ነበር።

ጾሙ በገባ በአራተኛው ቀን ግን አከራያችን ቦኖ ውሃ ላይ፣ ጀሪካን ይዞ የተሰለፈው ሴት ሁሉ እየሰማ፣ እናቴን አዋረደቻት። "ፈረንጅ ቤት በጾም ሥጋ ስትቀምስ ኖራ ዛሬ ጾመኛ ልሁን ትላለች! እሷ ያቦካችውን ዳቦ ማኅበር ላይ ማን ይበላል? እኔ እጇ የነካውን አልቀምስም!" አለች። ምን ነክቷት መሰለሽ? ባለፈው የማርያም ማኅበር ቄሱ የእናቴን ዳቦ አመስግነው የእሷን ዝም ስላሉት ነው። ሌላ ምክንያት ካለ ምላሴ ይቆረጥ።

እናቴ ግማሽ የሞላ ጀሪካኗን ይዛ መጣች፣ ደጃፉ ላይ አስቀመጠችው፣ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆመች። "እማዬ፣ ለምን አልሰደብሻትም?" ብላት "በጾም?" አለችኝ። በማግስቱ ማኅበርተኞቹ የዳቦውን ተራ ለሌላ ሰጡት። አባቴ ከአልጋው ሆኖ "ምን ሆናችሁ ነው?" ሲል ሁለታችንም "ምንም" አልነው። እኔ ያኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነው፤ ሆዴ ውስጥ የገባው እሳት ግን የአዋቂ ነበር።

የማኅበሩ ሰብሳቢ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ነገር አይወዱም። አከራያችንን ጠርተው "የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ ልጄ። ከቤቷ ገብተሽ፣ እጇ ያዘጋጀውን ቀምሰሽ ካልታረቅሽ ማኅበር አትገቢም" አሏት። ቀኑም ተቆረጠ፤ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እኛ ቤት። እናቴ ስትሰማ ፊቷ በራ። "ድፍን ኮክ እንሠራለን" አለች። "በዘይት፣ ጥሩ አድርገን።"

እኔ ግን ዕርቅ መች ፈለግሁ? ሴትዮዋ እንድትዋረድ ነበር የምፈልገው። ለፀጉሬ የተገዛ ለጋ ቅቤ በትንሽ ጣሳ አልጋ ሥር ነበር። ሊጡን እንዳሽ እናቴ ለኔ ትታ አባቴን ልታገላብጥ ስትሄድ፣ ከሊጡ አንድ ጉርድ ለየሁና ቅቤውን በጣቴ ዝቄ አሸሁበት። ጠቀለልኩት። እንዳይጠፋኝም አናቱ ላይ አንድ ቅርንፉድ ሰካሁበት። ያሰብኩትን ልንገርሽ፦ እስክትውጥ እጠብቅና፣ አሮጊቷም ሴቶቹም ባሉበት "እትዬ፣ አሁን የበሉት ቅቤ ነው፤ ጾም ገደፉ!" ልላት። ከዚያ ቦኖው ላይ ማን ቀና ብሎ እንደሚሄድ እናያለን አልኩ። ስጠቀልለው እንዲያውም እየዘመርኩ ነበር።

"ይቺ ቅርንፉድ ምንድን ናት?" አለች እናቴ ድስቱ ሲወርድ።

"ለእንግዳዋ ክብር ነው" አልኳት።

"እሰይ የኔ ልጅ" ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። አየሽልኝ?

መጡ። አሮጊቷ፣ ሁለት ማኅበርተኞች፣ ከኋላ አከራያችን ነጠላዋን አጣፍታ። ውጭ ይዘንባል፤ ጣሪያው ይጮሃል፤ ቤቱ ቀረፋና የተቃጠለ ስኳር ይሸታል። ቅርንፉድ ያለባትን በሳህን ለአከራያችን አቀረብኩላት። አንስታ አየችው፣ አገላበጠችው። ከዚያ፣ እግዜር ያሳይሽ፣ ብድግ ብላ እናቴ ፊት ቆመች።

"በድዬሻለሁ። በማርያም ይቅር በይኝ። መጀመሪያ አንቺ ከእጄ ጉረሺልኝ" አለችና ቆርሳ ዘረጋችላት።

አሮጊቷ እልል አሉ። ሴቶቹም ተከተሉ። ሰዉ ሁሉ ከልቧ ነው ብሎ አለቀሰላት። እኔ ግን ዛሬም ከልቧ አልነበረም እላለሁ፤ የጾም መሆኑን በእናቴ አፍ ልትፈትነው ነበር። ራሷ ቀምሳ ብትሳሳትስ? ብልጥ ነበረች።

እናቴ አፏን ከፈተች። አንዴ አኘከችና ቆመች። ሃያ ዓመት ሊጥ ያሸች ሴት ቅቤ አይጠፋትም። ዓይኗን አንስታ እኔን አየችኝ፤ ሌላ ማንንም አላየችም። በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር ገባኝ። ብትተፋው "ይኸው! አላልኳችሁም?" ልትባል ነው። እኔ ብጮህ ደግሞ ልጇ በጾም በቅቤ አቡክታ ለእንግዳ አቀረበች ነው የሚባለው፤ አባቴም ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ ስለቱ ሲፈርስ ሊሰማ ነው። እናቴ ዋጠችው።

"አንድ ጉርሻ ያጣላል!" አሉ አሮጊቷ እየሳቁ። አከራያችን ሁለተኛውን ቆርሳ አጎረሰቻት። እናቴ ዋጠች። "እንግዲህ ሦስተኛውን ለፍቅራችን!" አለች። ያንንም ዋጠች። ሳህኑ ላይ የቀረችው ቅርንፉዷ ብቻ ነበረች። ከዚያ እናቴ ፈገግ ብላ በዘይት ከታሸው አንዱን አንስታ አከራያችንን አጎረሰቻት። ያቺ ሴት ጾሟ ሳይነካ፣ ከንፈሯን እየላሰች "እንዴት ይጥማል!" አለች። ልበቀል የተነሳሁት እኔ፣ በሰው ሁሉ ፊት ያስከበርኩት እሷን።

እንግዶቹ ሲወጡ ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እናቴ ግን ሳህኑን አጠበች፣ አባቴን "ታረቅን" አለችው። እሱም "እሰይ፣ ተመስገን" አለ። እኔን አንዲት ቃል አልተናገረችኝም። ብትገርፈኝ ምን ነበረበት!

በማግስቱ ጠዋት ጃንጥላ ይዤላት ቤተክርስቲያን ሄድን። የነፍስ አባቷ "ማን አበላሽ?" ሲሏት ሰማሁ። "እጄ ነው የሳተው፣ አባቴ" አለች። ጾሙ ለሰው ሁሉ ሲፈታ የእሷ ሰባት ቀን ተጨመረበት። ግቢው ዶሮ ሲሸት እሷ ሽሮዋን ትበላለች። አከራያችንም በሩ ላይ ብቅ ብላ "ምነው፣ አልፈታሽም እንዴ?" ትላታለች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ። "ስለት ነው፣ እትዬ" ትላለች እናቴ። እኔ ማዕዘን ላይ ቆሜ ጥርሴን እነክሳለሁ።

አባቴ ጥቅምት ላይ ሞተ። አከራያችን ከሁሉም በላይ ጮሃ አለቀሰች፣ ድንኳን ውስጥም እንጀራ ስታቀርብ ዋለች። በሦስተኛው ቀን አልቻልኩም፤ እናቴን ጓዳ ውስጥ ብቻዋን አገኘኋትና "በኔ ነው፣ እማዬ። እኔ ነኝ የገደልኩት" አልኳት። ፊቷ በለቅሶ አብጧል። አገጬን ይዛ ቀና አደረገችኝ።

"የአባትሽ ሳንባ በቅቤ አልታመመም" አለችኝ። "ሂጂ፣ ፊትሽን ታጠቢ።"

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አከራያችን ከጥቂት ዓመታት በፊት ሞተች ብለው ሲደውሉልኝ ለቅሶ አልደረስኩም። እናቴ በከዘራዋ ተደግፋ፣ ከኮዬ ሁለት መኪና ይዛ ሄደች፤ ሠልስቷንም ተቀመጠች። ስትመለስ "ነውር ነው፣ ብትመጪ ምን ነበረበት?" አለችኝ። "ይቅር አላልኳትም" አልኳት። "እኔስ ምን ልበል?" አለችና ጫማዋን አወለቀች። እኔን ይቅር ማለቷን ይሁን አለማለቷን በዚያ ቀንም አላወቅሁትም፤ ልጠይቃት ፈልጌ ድፍረቱ አልነበረኝም።

አንድ ነገር ግን አውቃለሁ። ከዚያ ፍልሰታ በኋላ እናቴ ወጥ አሠርታኛለች፣ ገበያ ልካኛለች፣ ስታረጅ ገላዋን እንኳን በእጄ አሳጥባኛለች። ሊጥ ላይ ግን እጄን አስነክታኝ አታውቅም። ጣቶቿ በቁርጥማት ታጥፈው ጠርሙስ መያዝ ባቃታቸው ጊዜ እንኳን "ላሽልሽ?" ስላት "ተይው፣ የኔ ልጅ፣ ይደክምሻል" እያለች፣ እያቃሰተች ብቻዋን ታሸው ነበር።