የወይዘሮ ፒንክስተን ሠላሳ ቀን

አልቴያ ፒንክስተን ጎረቤቴ ናት። ባርኔጣ ሰፊ ናት፤ ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ክብደቷ ከአንድ ጆንያ ድንች አይበልጥም። በፈረንጆቹ በ1964 ዓመተ ምሕረት አሥር ጥቁሮች ሆነን ለምርጫ ልንመዘገብ ስንሄድ፣ የከተማችን የኮልተን ፖሊስ «የእግረኛ መንገድ ዘግታችኋል» ብሎ አሥራችንንም ለቀም አደረገን። ያን የሚያህል መንገድ እሷ በምኗ እንደዘጋችው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

የከተማው ዳኛ ስተብስ በዕድሜ ከልጇ የሚያንስ ነው። ግን የሚሲሲፒ ሰው ነውና ነጯን «ወይዘሮ»፣ ጥቁሯን በባዶ ስሟ ይጠራል።

«ኢዶራ» አለኝ።

«አቤት ጌታዬ» አልኩ።

«አልቴያ» አላት። ባርኔጣዋን ማስተካከል ያዘች።

«አንቺ፣ አትሰሚም?»

«ወይዘሮ ፒንክስተን እባላለሁ። ባሌን ቀበርኩት እንጂ ስሙን አልቀበርኩም።»

ስተብስ ሳይፈርድብን ጠበቃችን ጉዳያችንን ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ወሰደው። እዚያ የበር ጠባቂው ሳይቀር «ወይዘሮ» ይላል።

«እስሩን አልፈራም እህት ኢዶራ» አለችኝ። «እዚያ ሰውዬ ፊት ተመልሼ እንደ ድመት መጠራቱን ነው የምፈራው።»

ሁለት ዓመት ጠበቅን። በመጨረሻ ዋሽንግተን ያሉት ዘጠኝ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ሽማግሌዎች ወሰኑ። ምግብ ቤት ገብቶ ሳንድዊች ሲጠይቅ የተያዘ ጥቁር፣ ጉዳዩን የፌዴራል ዳኛ ሊያይለት ይችላል፤ እንደኛ ለምርጫ ሲሄድ የተያዘ ግን ወደ ከተማው ዳኛ ይመለስ ተባለ።

«ምነው ያን ቀን ቁርስ በልተን ባልወጣን» አለች።

ስተብስ ደስታው አላስቀምጥ ብሎት፣ ከዋሽንግተን የመጣውን ወረቀት ለጸሐፊው እንኳ ሳይተው ራሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ጀመረ።

«የወይዘሮ አልቴያ ፒንክስተን እና የሌሎች ዘጠኝ ሰዎች ጉዳይ…» ብሎ ቃሉ አፉ ላይ ደረቀ።

ባርኔጣዋን አስተካክላ ተነሳች። «አቤት፣ ክቡር ዳኛ።»

ሠላሳ ሠላሳ ቀን ፈረደብን። የእስር ቤቱ ጸሐፊ የሷን ስም ከዚያው ወረቀት ገለበጠው፤ እኛን «ሌሎቹን» ግን ከስተብስ የድሮ መዝገብ ላይ ለቅሞ በባዶ ስማችን ጻፈን። ጠባቂው የተጻፈለትን አንባቢ ነው። ሠላሳ ጠዋት «ወይዘሮ አልቴያ ፒንክስተን» እያለ ጠራት፤ እሷም ያልሰማች መስላ ሁለቴ ታስጠራው ነበር።

ቀጥሎ «ኢዶራ» ይላል። አቤት እላለሁ፣ እያፈርኩ። እኔም እኮ ባል ነበረኝ።